አድቫንስድ ካርድ ለዲኮ ይበቃል ወይ?

ባለፈው ወር አቡ ዳቢ የሚኖር አንድ የጅማ ልጅ ደወለልኝ። ቁጥሬን ከጓደኛዬ ተቀብሎ ነው፤ እሱም እንደ እኔ የአየር ታንክ ተሸክሞ ባሕር ውስጥ የሚጠልቅ፣ ዳይቭ የሚያደርግ ሰው ነው። ሰላምታውን እንኳን በቅጡ ሳይጨርስ "እህትዬ፣ አድቫንስድ ጨርሻለሁ፣ 28 ዳይቭ አለኝ። አሁን ዲኮ መግባት እችላለሁ አይደል?" አለኝ። አድቫንስድ ከመጀመሪያው ቀጥሎ ያለው የጠላቂ ካርድ ነው፤ ዲኮ ደግሞ ስትወጡ መንገድ ላይ እየቆማችሁ እንድትጠብቁ የሚያስገድድ መጥለቅ ነው። ጉጉቱን አውቀዋለሁ። ከስድስት ዓመት በፊት እኔም እንደዚሁ ነበርኩ። አንድ ሰዓት ያህል አወራን፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ያልነገርኩት ነገር እየበዛብኝ መጣ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፈው ወሰንኩ። እሱን መሰል ልጆች ዱባይም፣ ጅቡቲም፣ ኤላትም እንዳሉ አውቃለሁ።

ስለ እኔ ትንሽ ልበል። ያደግኩት ሐዋሳ ነው፤ ዋና የለመድኩትም ሐይቁ ላይ ነው። እዚህ ኤምሬቶች፣ ፉጃይራ የመጣሁት ለሆቴል ሥራ ነበር። ሆቴሉ ባሕሩ ዳር የዳይቪንግ ማዕከል አለው፤ እዚያ እንግዳ መቀበያው ላይ ተመደብኩ። ፎርም አስሞላለሁ፣ የሰው ካርድ አያለሁ፣ ታንክ እቆጥራለሁ። በሦስተኛው ወር ለሠራተኛ በቅናሽ ተማሪ ሲሉኝ ዓይኔን አላሸሁም። ዛሬ ከ400 በላይ ዳይቭ አለኝ፤ ከእነሱ ውስጥ 70 የሚሆኑት ዲኮ ያለባቸው ናቸው። አስተማሪ አይደለሁም። የምነግራችሁ ያየሁትንና የደረሰብኝን ነው።

ዲኮ ማለት ሲረዝም ዲኮምፕረሽን ነው። ለማያውቀው ሰው ሁልጊዜ በአምቦ ውሃ ነው የማስረዳው። ክዳኑ ሳይከፈት ጠርሙሱ ጸጥ ያለ ነው፣ ጋዙ ግን ውስጡ አለ። ቀስ አድርጋችሁ ስትከፍቱት ትንሽ ትስ ብሎ ያበቃል። በአንዴ ብድግ አድርጋችሁ ከከፈታችሁት ገንፍሎ ጠረጴዛውን ያጥባል። ሰውነታችንም እንደዚያ ነው። በየ10 ሜትሩ ግፊቱ አንድ ባር ያህል ይጨምራል፤ 30 ሜትር ላይ የምንተነፍሰው አየር ላይ ላዩን ካለው አራት እጥፍ የታመቀ ነው። በአየሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በደም አድርጎ ሥጋችን ውስጥ ይሟሟል። ስንወጣ ቀስ ብሎ በሳንባ መውጣት አለበት። ከቸኮልን እዚያው አረፋ ይሠራል፤ በመገጣጠሚያ፣ በነርቭ፣ በአከርካሪ ውስጥ። ይሄንን በሥርዓት ያጠናው ሃልዴን የሚባል የብሪታንያ ሳይንቲስት ነው፤ ሙከራውን በፍየል ላይ ሠርቶ በ1908 ሠንጠረዡን አወጣ። ዛሬ እጃችን ላይ የምናስረው ኮምፒውተር የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው።

የተወሰነ ደቂቃ እስካላለፋችሁ ድረስ በዝግታ በቀጥታ መውጣት ትችላላችሁ። ፓዲ የሚባለው የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ድርጅት በሚያስተምርበት ሠንጠረዥ ላይ ይሄ ጊዜ 18 ሜትር ላይ 56 ደቂቃ ነው። 30 ሜትር ላይ 20 ይሆናል። 40 ሜትር ላይ 9 ብቻ ነው። ያንን ካለፋችሁ ከላያችሁ ጣሪያ ይሠራል። አይታይም። ፀሐይዋን ታያላችሁ፣ የጀልባውን ሆድ ታያላችሁ፣ ግን መውጣት አይፈቀድላችሁም። 6 ሜትር ላይ ይሄን ያህል ደቂቃ፣ 3 ሜትር ላይ ያን ያህል ደቂቃ ቆሙ ትባላላችሁ። ሁላችንም 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ የምንቆመው ሴፍቲ ስቶፕ ጥሩ ልማድ ነው፣ ችግር ከመጣ ግን ትቶ መውጣት ይቻላል። የዲኮው ግን ግዴታ ነው። አየር ቢያልቅም፣ ማስክ ቢወልቅም፣ ባዲያችሁ፣ ማለትም አብሯችሁ የሚጠልቀው ሰው፣ ቢደነግጥም፣ እዚያው ሆናችሁ ነው የምትፈቱት።

እኔ ይሄን ሁሉ በወረቀት አውቀው ነበር። ፈተናም አልፌበታለሁ።

ዕለቱ አርብ ነበር፣ ፋሲካ ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው። 34 ዳይቭና አንድ አድቫንስድ ካርድ ነበረኝ። ከምሠራበት ቦታ ሳይሆን ከሌላ ድርጅት ጀልባ ጋር ኢንችኬፕ ዋን ወጣን። ይቺ በ2001 ሆን ተብሎ እንድትሰምጥ የተደረገች ትንሽ ጀልባ ነች፤ 30 ሜትር ገደማ ላይ አሸዋው ላይ ተቀምጣለች። ባዲዬን ያወቅኩት ያን ጠዋት ነው። ስሙን፣ ከየት እንደመጣ፣ ስንት ዳይቭ እንዳለው ጠየቅኩት፤ አየር እንዴት እንደሚጨርስ አልጠየቅኩትም። ሁለታችንም ተራ አየር የተሞላ ባለ 11 ሊትር የአሉሚኒየም ታንክ ነበር የያዝነው።

ከታች በጣም ያምር ነበር። ስናፐር የሚባሉ ቢጫ ዓሦች እንደ መጋረጃ ጀልባዋን ሸፍነዋታል። ነጠብጣቡ እንደ ነብር የሆነ ሞሬይ፣ እባብ መሰል ዓሣ ነው፣ ከቀዳዳ አንገቱን አውጥቶ አፉን ይከፍታል ይዘጋል። እሱን ሳይ ቆየሁ። መሪያችን ምልክት ሰጥቶ ከሌሎቹ ጋር ወደ ገመዱ ሲሄድ አይቻለሁ፤ አንድ ደቂቃ ብቆይስ ብዬ ነው። ከዚያ ኮምፒውተሬ ጮኸ። ሳየው ያለ ዲኮ የቀረኝ ደቂቃ ዜሮ ሆኗል። ትንሽ ቆይቶ ያ ቁጥር ጠፍቶ ሌላ ነገር መጣ፤ 3 ሜትር፣ 6 ደቂቃ። ጌጄን፣ የታንኩን ግፊት መለኪያ፣ አየሁ፤ 70 ባር። ባዲዬን ስንት ቀረህ አልኩት በምልክት። አራት ጣት አሳየኝ። 40 ባር።

መውጣቱ ደህና ነበር። ችግሩ 3 ሜትር ላይ ጀመረ። የአሉሚኒየም ታንክ አየሩ ሲጎድል ይቀላል፤ መጀመሪያ ወደ ታች የሚጎትታችሁ የነበረው ታንክ መጨረሻ ላይ ወደ ላይ ይጎትታችኋል። ይሄንን ተምሬዋለሁ፣ ግን ለመስመጥ የምንታጠቀውን ክብደት ስይዝ አላሰብኩበትም። ማዕበሉ ያነሳናል ይጥለናል። 3 ሜትር፣ 2 ሜትር፣ 4 ሜትር። አንዴ ጭንቅላቴ ከውሃ ሊወጣ ምንም አልቀረውም፤ ተገልብጬ ወደ ታች ቀዘፍኩ። በቀዘፍኩ ቁጥር አየር እጨርሳለሁ። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ባዲዬ እጁን አንገቱ ላይ እንደ ቢላዋ አመላለሰ። አየር አለቀ ማለት ነው። ትርፉን ሬጉሌተር፣ ማለትም ሁለተኛውን መተንፈሻዬን፣ ሰጠሁት። ዓይኑ ማስኩ ውስጥ ፈጥጦ እስካሁን ይታየኛል። ጌጄ ከ30 ወደ 10 ሲወርድ ዓይኔ እያየ ነው። ወጣን። ኮምፒውተሩ ላይ ገና ሦስት ደቂቃ ይቀር ነበር፤ ወዲያው ተቆለፈ።

ጀልባው ላይ ለማንም አልተናገርኩም። አፈርኩ። ደህና ነኝ አልኩ፣ ደህናም መሰለኝ። ማታ ግራ ትከሻዬን ያመኝ ጀመር። ታንክ ስሸከም የዋልኩ ስለሆነ ነው ብዬ ቅባት አሸሁበት። ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ ሕመሙ እንደ ጥርስ ሕመም ሆነ፣ ከውስጥ፣ ከአጥንቱ። ብታሸው አይቀንስ፣ በየትኛውም ጎን ብትተኛ አይተው። ጠዋት ሥራ ስገባ ሥራ አስኪያጃችን ክንዴን እንዴት እንደያዝኩት አየና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፤ "ትናንት የት ጠለቅሽ?" ነገርኩት። ሳይቆጣኝ የኦክስጅን ማስክ አፌ ላይ አደረገና ስልክ አነሳ።

የግፊት ክፍል ውስጥ የገባሁት ከወጣሁ ከ20 ሰዓት በላይ ቆይቼ ነው። ክፍሉ የብረት በርሜል ይመስላል፣ አልጋና መስኮት ያለው። ግፊቱን 18 ሜትር ላይ እንደጠለቃችሁ ያደርጉታል፤ ከዚያ ንጹሕ ኦክስጅን እየሰጡ፣ መሃል መሃል እያሳረፉ፣ ቀስ ብለው ያወጧችኋል። እኔ የተሰጠኝ ሕክምና 4 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይፈጃል። ሕመሙ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ለቀቀኝ። አለቀስኩ። ሐኪሙ ለፋሲካ የቆረጥኩትን ትኬት አስቀየረኝ፤ እናቴ ዶሮውን ያለ እኔ ሠራች።

ይሄን የማወራው አንድ ነገር እንድትይዙልኝ ነው። ከዳይቭ በኋላ ምክንያቱ ያልታወቀ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ የእግር መዛል፣ ሽንት አልመጣ ማለት፣ ቆዳ መዥጎርጎር፣ ከልክ ያለፈ ድካም ካያችሁ አትፍሩ፣ አትሸማቀቁም፤ ለሚመለከተው ተናገሩ። ኦክስጅን ውሰዱ፣ ለሐኪም ደውሉ። እኔ ያጠፋሁት ሌሊት በይሉኝታ ነው የጠፋው።

አሁን ወደ ካርዱ ልምጣ፤ ልጁ የጠየቀኝ እሱን ነውና።

ኦፕን ዋተር የሚባለው የመጀመሪያው ካርድ ብዙም የሚያሻማ አይደለም። 18 ሜትር ነው፣ ከባዲ ጋር፣ ያለ ዲኮ። አድቫንስድ የሚለው ስም ግን ብዙ ሰው ያሳስታል። እንግዳ መቀበያው ላይ ሆኜ "እኔ አድቫንስድ ነኝ" ሲሉኝ ስንት ሰው ሰምቻለሁ። ኮርሱ አምስት ዳይቭ ነው። አንዱ ጥልቅ፣ አንዱ አቅጣጫ፣ እነዚህ ግዴታ ናቸው፤ ሦስቱን ትመርጣላችሁ። ኦፕን ዋተር በጨረሳችሁ ማግስት መጀመር ትችላላችሁ፤ የኦፕን ዋተሩ አራት ዳይቭ ሲደመር በአጠቃላይ ዘጠኝ ጊዜ ብቻ ውሃ የገባ ሰው 30 ሜትር የሚያስገባ ካርድ ሊይዝ ይችላል። ኮርሱ መጥፎ ነው አልልም፣ ወድጄዋለሁ። ግን ከአስተማሪ ጋር ሆናችሁ አዳዲስ ነገር የምትቀምሱበት ነው። ስለ ዲኮ የሚነግራችሁ በስህተት ከገባችሁ ምን እንደምታደርጉ ብቻ ነው። አስባችሁና አቅዳችሁ እንድትገቡ አያዘጋጃችሁም።

ዲፕ የሚባለው ልዩ ኮርስ እስከ 40 ሜትር ያደርሳችኋል። እሱም ያለ ዲኮ ነው። ናይትሮክስ ደግሞ ኦክስጅኑ ከፍ ያለ አየር ነው፤ ብዙ ጊዜ 32 በመቶ። ናይትሮጅኑ ስለሚቀንስ ጊዜ ይጨምርላችኋል፣ በምትኩ ጥልቀት ይወስንባችኋል፤ 32 በመቶ ይዛችሁ ከ33 ሜትር በታች መሄድ የለባችሁም። እውነቱን ለመናገር ያን አርብ ናይትሮክስ ይዤ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ወደ ዲኮ ከመሮጣችሁ በፊት እሱን ያዙ፣ ርካሽም ቀላልም ነው።

ሬስኪዩ ዳይቨር አንድ ሜትር ጥልቀት አይጨምርላችሁም፣ ስለዚህ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው። የሰው ፊት ማንበብ ያስተምራል። የባዲዬን ድንጋጤ ከሁለት ደቂቃ በፊት ባየው ኖሮ እያልኩ ነበር ኮርሱን የጨረስኩት። ዳይቭማስተር ደግሞ ሰው የመምራት ሥራ ነው። በጣም ጎበዝ ዳይቭማስተሮች አውቃለሁ፤ አንድም ቀን በዕቅድ ዲኮ ገብተው አያውቁም፣ ካርዳቸውም ያንን አይልም።

የዲኮ በር የሚከፈተው ከዚያ ወዲያ ነው። እኔ በተማርኩበት ጊዜ ቴክ 40 የሚባለውን የፓዲ የመጀመሪያ የዲኮ ኮርስ ለመግባት አድቫንስድ፣ ናይትሮክስ፣ ዲፕ፣ 30 የተመዘገበ ዳይቭ ይጠይቅ ነበር፤ ከእነሱም አስሩ ከ18 ሜትር በታች በናይትሮክስ የተጠለቁ መሆን አለባቸው። ካርዱን ስትይዙ የሚፈቀድላችሁ 40 ሜትርና በድምሩ ከ10 ደቂቃ ያልበለጠ ዲኮ ነው። ቴክ 45 ላይ ሬስኪዩና 50 ዳይቭ ይጠየቃል፤ ቴክ 50 ላይ 100። ቲዲአይ የሚባለው ድርጅት አድቫንስድ ናይትሮክስና ዲኮምፕረሽን ፕሮሲጀርስ የሚባሉ ሁለት ኮርሶች አሉት፣ ብዙ ጊዜ አንድ ላይ ይሰጣሉ፣ እስከ 45 ሜትር ያስገባሉ፤ መግቢያው 25 ዳይቭ ነው። ልጁ 28 አለኝ ሲል ይሄን አንብቦ ነበር። በወረቀት ትክክል ነው። ግን ይሄ ቁጥር ከዚህ በታች አትምጡ የሚል ወለል እንጂ ደርሳችኋል የሚል አይደለም።

ሌላ የሚያደናግር ነገር አለ። ቢሳክ የሚባለው የብሪታንያ የጠላቂዎች ክለብ ኦሽን ዳይቨር የሚለው የመጀመሪያ ደረጃው 20 ሜትር ነው፣ ያለ ዲኮ፤ ሁለተኛው ስፖርትስ ዳይቨር ግን እስከ 35 ሜትር ይደርሳል፣ የዲኮ ማቆሚያም በትምህርቱ ውስጥ አለ። የፈረንሳዮቹ ሦስተኛ ደረጃ እስከ 60 ሜትር ያስኬዳል፣ ዲኮ ለእነሱ የተለመደ ነገር ነው። ከእነሱ ጋር የጠለቀ አንድ ጓደኛዬ "እነሱ እኮ ያለ ቴክ ካርድ ነው የሚያደርጉት" ብሎ ተከራክሮኛል። እውነቱን ነው። ግን እነዚያ ሰዎች ክለብ ውስጥ ነው የሚያድጉት። ለዓመታት ከአንድ ሰው ጋር፣ በአንድ ዓይነት ምልክት፣ በአንድ ዓይነት ልምድ ይጠልቃሉ። የእኛ አድቫንስድ ካርድና የእነሱ ሁለተኛ ደረጃ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ይመሳሰላሉ፤ ከጀርባቸው ያለው ሥልጠና ግን ለየቅል ነው። የራሳችሁን ካርድ ይዛችሁ የእነሱን ልማድ አትዋሱ።

አሁን ሒሳብ። ይሄን ክፍል እባካችሁ አትዝለሉት።

እኔ ስረጋጋ በደቂቃ 15 ሊትር ያህል እተነፍሳለሁ። ስደነግጥ 30 ይገባል፤ ባዲዬም እንደዚያው። ስለዚህ አየር ያለቀበት ሰው ከእኔ ታንክ እየተነፈሰ ስንወጣ ሁለታችን በደቂቃ 60 ሊትር እንጨርሳለን፣ ያውም ላይ ላዩን ሲለካ። 30 ሜትር ላይ በአራት ይባዛል። ሬጉሌተር ለመስጠትና ለመረጋጋት አንድ ደቂቃ ስጡት፤ 240 ሊትር ሄደ። መውጣቱ አራት ደቂቃ ይፈጃል፣ አማካይ ግፊቱ 2.5 ነው፤ 600 ሊትር። 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ስንቆም 270። ድምሩ 1,110 ሊትር። በ11 ሊትር ታንክ ስታካፍሉት 100 ባር ይመጣል። ግማሽ ታንክ ማለት ነው፤ ምንም ዲኮ ሳይኖር! አሁን 6 ሜትር ላይ የ10 ደቂቃ ግዴታ ጨምሩበት። 60 በ1.6 በ10፣ 960 ሊትር። ሁሉም ሲደመር 2,070 ይሆናል፣ 188 ባር ገደማ። 200 ባር ሞልታችሁ ብትገቡ ገና ታች እንደደረሳችሁ መመለስ አለባችሁ። እኔ 70 ባር ይዤ ነው ሞሬይ ሳይ የነበርኩት።

ዲኮ የሚጠልቅ ሰው ሁለት ታንክ ጀርባው ላይ፣ ሌላ ደግሞ በጎኑ የሚይዘው ለዚህ ነው። ለማማር አይደለም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ከ30 ሜትር ሳልወርድ ብቻ ጠለቅኩ። 110 ዳይቭ ሲሞላኝ ፈቃድ ወስጄ ግብፅ፣ ዳሃብ ሄድኩ። ለቴክ ትምህርት ሰው ከየአገሩ የሚሄድባት ትንሽ ከተማ ነች። ብሉ ሆል የሚባለው ቦታ እዚያ ነው። ከባሕሩ ጎን ገደሉ ላይ የሞቱ ጠላቂዎች ስም የተጻፈባቸው የመታሰቢያ ድንጋዮች ተለጥፈዋል። አንድ በአንድ አነበብኳቸው። አብዛኞቹ በሃያዎቹ ያሉ ልጆች ናቸው። ከሥር ከ50 ሜትር በታች ቅስት መሰል መውጫ አለ፤ አንድ ታንክ አየር ይዘው ሊያልፉት የሞከሩ ብዙ ናቸው።

አስተማሪዬ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያወራ ግብፃዊ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት 6 ሜትር ላይ ነው ያሳለፍነው። ወደ 40 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ለብሼ፣ አሸዋው ላይ ሳልነካ፣ ሳልቀዝፍ፣ አግድም ሆኜ መቆም። ቀላል ይመስላል። ከዚያ እጄን ወደ ኋላ ልኬ የታንኩን ቫልቭ መዝጋትና መክፈት። ከዚያ ማስክ ማውለቅ። ከዚያ ማስክ ሳይኖረኝ ለባዲዬ አየር መስጠት። ማስኩን መልሼ ሳደርግ ኮምፒውተሬ 3.8 ሜትር ይል ነበር። በእውነተኛ ዲኮ ቢሆን ጣሪያውን ሰብሬ ወጥቻለሁ። "እንደገና" አለኝ በምልክት። 4.1። እንደገና። 4.5።

የጋዝ መቀየሩን እስካሁን በሕልሜ እሠራዋለሁ። የጎኑ ታንክ ውስጥ 50 በመቶ ኦክስጅን አለ፣ ላዩ ላይ በትልቁ 21 ተብሎ ተጽፎበታል፤ ከ21 ሜትር በታች አይነካም ማለት ነው። በስህተት 40 ሜትር ላይ ከተነፈሳችሁት ኦክስጅኑ ራሱ መርዝ ይሆናል፤ ሰውነት ይንቀጠቀጣል፣ ሬጉሌተሩ ከአፍ ይወድቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ጥልቀታችሁን ታያላችሁ። ታንኩ ላይ ያለውን ቁጥር ታያላችሁ። ባዲያችሁም ያነበዋል። ቫልቭ ትከፍታላችሁ፣ ቱቦውን ከታንኩ ጀምራችሁ በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ እስከ አፋችሁ ትከተላላችሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ትንፋሾች ስትስቡ የዚያው ታንክ የግፊት መለኪያ መርፌ ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ። ይሄን ሁሉ ስታደርጉ ከጥልቀታችሁ ንቅንቅ አትሉም።

በሰባተኛው ቀን ሻይ እየጠጣን "ዛሬ ካርድ የለም" አለኝ። "ታውቂዋለሽ፣ ግን ገና እያሰብሽ ነው የምትሠሪው። ሠላሳ ዳይቭ ጠልቀሽ ነይ።" ገንዘቤን ቆጥሬ፣ ፈቃዴን ጨርሼ ነበር፤ ከፋኝ። ዛሬ ላይ ሆኜ ስለዚያ ሰው ሁልጊዜ እጸልያለሁ። ከሰባት ወር በኋላ ተመለስኩና ወሰድኩት። አስተማሪ ስትመርጡ "ጥለኸው የምታውቀው ተማሪ አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። ማንንም ጥሎ አያውቅም ከተባላችሁ ሌላ ፈልጉ።

አንድ ነገር ለእኛ ለሐበሾች ለብቻ መናገር አለብኝ፤ ሌላው አገር ያለ አስተማሪ ላያስታውሳችሁ ይችላል። ከዳይቭ በኋላ አውሮፕላን እንደማይገባ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዳን የተባለው የጠላቂዎች ደህንነት ድርጅት ለአንድ ያለ ዲኮ ዳይቭ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለተደጋጋሚ ዳይቭ 18 ሰዓት፣ ዲኮ ከነበረበት ከ18 ሰዓት በጣም የሚበልጥ ጊዜ ጠብቁ ይላል። ይሄ የታሰበው ግን አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ ወደ ዝቅተኛ ቦታ እንደምትመለሱ አድርጎ ነው። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ከ2,400 ሜትር ከፍታ ገደማ እንዳይበልጥ ተደርጎ ነው የሚጠበቀው። ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው! አዲስ አበባ ስትወርዱ ሰውነታችሁ ገና እንደበረረ ነው፤ ቤት ገብታችሁ ቡና ሲፈላም፣ ሌሊት ስትተኙም። እኔ አዲስ አበባ ከመሄዴ በፊት የመጨረሻውን ዳይቭ ከሁለት ቀን በፊት እጨርሳለሁ። ጅቡቲ ጠልቆ በመኪና ወደ ድሬዳዋና ሐረር የሚወጣም ሰው ያው ነው፣ ተራራ ከአውሮፕላን አይለይም።

ዳሃብ ሳለሁ ቅድስት ካትሪን ገዳምን መሳለምና ሌሊት ደብረ ሲናን መውጣት ፈልጌ ነበር፤ እዚያ ድረስ ሄዶ የማይሻ ሐበሻ የለም። ጫፉ 2,285 ሜትር ነው። አስተማሪዬ "ከኮርሱ በፊት ሂጂ፣ ወይም ጨርሰሽ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ አርፈሽ" አለኝ። ከኮርሱ በፊት ወጣሁት። ፀሐይ ስትወጣ ከጫፉ ላይ አንድ የጎንደር መነኩሴ አገኘሁ፣ ባሕር ውስጥ ልገባ ነው ብላቸው ረጅም ጸሎት አደረሱልኝ።

ታዲያ ዝግጁ መሆናችሁን በምን ታውቃላችሁ? እኔ ልጁን ያልኩት ይሄን ነው። ካርዱን ተወውና ምንም ግዴታ በሌለበት ቀላል ዳይቭ መጨረሻ ላይ፣ 50 ባር ሲቀርህ፣ 6 ሜትር ላይ 10 ደቂቃ ቁም። ገመድ ሳትይዝ። መሃሉ ላይ ማስክህን አውልቀህ መልስ። ብርቱካናማዋን የምልክት ቱቦ ነፍተህ ልቀቅ። ግማሽ ሜትር ከወጣህ ወይም ከወረድክ ገና ነህ። በደቂቃ ስንት ሊትር እንደምትተነፍስ ሳትገምት ቁጥሩን ንገረኝ። አንድ ዳይቭ ከመሃል ላይ አቋርጠህ የተመለስክበትን ቀን ንገረኝ፤ ከሌለህ እሱም አንድ የሚጎድልህ ነገር ነው። ደግሞ ለምን ዲኮ እንደፈለግክ ንገረኝ። ሊያየው የሚፈልገው መርከብ ያለው ሰውና ካርዱን ለማሳየት የሚፈልግ ሰው አንድ ዓይነት ውሳኔ አይወስኑም።

ባለፈው ቅዳሜ ከአቡ ዳቢ ድረስ መጣ። ዲባ ሮክ ገባን፤ ውሃው ጥርት ያለ ነበር፣ ኤሊም አየን። መጨረሻ ላይ 6 ሜትር ላይ ቆምን። የመጀመሪያዎቹን አራት ደቂቃዎች እንደ ሐውልት ነበር፣ ገረመኝ። ከዚያ ማስኩን አወለቀ። ፊት ለፊቱ ሆኜ ክንዱን ሳልይዝ አብሬው ወጣሁ፤ 5፣ 4፣ 3 ሜትር። ማስኩን አጽድቶ ዓይኑን ሲከፍት ኮምፒውተሩን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ቀስ ብለን ወጣን።

ጀልባው ላይ ፊኖቹን፣ የእግር መቅዘፊያዎቹን፣ እያወለቀ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ "እህትዬ፣ በሚመጣው ቅዳሜ ሥራ ትገቢያለሽ?" አለኝ።

"ከሰዓት ነው የምገባው" አልኩት። "ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እዚህ ሁን።"